የምስክርነት አበል

ዐሥራ አራት ዓመት በነርስነት ስሠራ ደምም መግልም አይቻለሁ። እንደዚያ የሆቴል አዳራሽ ያቅለሸለሸኝ ነገር ግን የለም።

አንድ ሲጋራ አከፋፋይ ድርጅት ሆሳዕና ውስጥ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ሲጋራ ሲያስተዋውቅ ተገኝቶ ተከሰሰ። ክሱ በስምምነት ሲያልቅ ጠቀም ያለ ገንዘብ ከፈለ። በገንዘቡ ማጨስ ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች የምክርና የመድኃኒት ክፍል ይከፈታል ተባለ። እኔም ደስ ብሎኝ ለጋሼ ተገኘ ነገርኳቸው።

ጋሼ ተገኘ የፎንቆ አናጢ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አጭሰዋል። ደረታቸው ያፏጫል፤ ሐኪሙ ካላቆሙ ዕድሜ የለዎትም ብሏቸዋል። ቤተ ክርስቲያናቸውም በዚሁ ሲጋራ ሁለቴ ከጌታ እራት አግዳቸዋለች። በራሳቸው አምስት ጊዜ ሞክረው አቅቷቸዋል። በየገበያው ቀን እየመጡ «ሲስተር፣ ክፍሉ ተከፈተ?» ይሉኛል።

አልተከፈተም። ገንዘቡን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ይበልጣል «መጀመሪያ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» አሉ። ሁለት ቀን ሆቴል፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ ክትፎ። አበል አለ ሲባል ከሀደሮና ከአዲሎ ሳይቀር ሰው ጎረፈ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለውን ቁጭ ብዬ በዓይኔ አየሁት።

በሁለተኛው ቀን አቶ ይበልጣል ጠጋ አሉኝ።

«ሲስተር ብርነሽ፣ ማጨስ ያቆመ ሰው ይመስክርልን። የዚህ አገር ሰው ምስክርነት ይወዳል። ያ አናጢሽስ?»

«አላቆሙም እኮ! በምን ያቁሙ?»

«ግድ የለም፣ አቆምኩ ይበሉ። አበል አለው።»

አስጠሯቸው። ጋሼ ተገኘ ክፍሉ የተከፈተ መስሏቸው እያለከለኩ መጡ። ቲሸርት አለበሷቸውና ማይኩን ሰጧቸው። ለእሳቸው ምስክርነት ቀልድ አይደለም፤ በሐሰት መመስከር ኃጢአት መሆኑን የተማሩት በልጅነታቸው ነው። ሳላቸውን ዋጥ አደረጉ።

«ወገኖቼ፣ አላቆምኩም። ዛሬ ጠዋትም አጭሻለሁ። መድኃኒት ይመጣል ተብዬ ስድስት ወር ጠበቅኩ። እየሞትኩ ነው።»

«አሜን! ሃሌ ሉያ!» አለ አዳራሹ። ጭብጨባው ቀለጠ። ምስክርነት ሲያልቅ አሜን ማለት ልማድ ነው፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ግማሹ ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ የአበሉን ወረፋ ያያል፣ ጥርሱን እየጎረጎረ የሚያጨበጭብም ነበር። ሁሉም አስጠሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱ መጣ። «በፕሮጀክቱ ማጨስ ያቆመ፦ አንድ» ይላል፣ ከሥሩ የጤና ባለሙያ ፊርማ ይጠይቃል፤ የእኔን ማለት ነው። ያልፈረመ አበል አያገኝም። ሰውየው አቆሙ ከተባለ ክፍሉን ማን ይከፍታል ብዬ መጮህ ነበረብኝ። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ አለኝ። ትፍ! ፈረምኩ።

ስወጣ ጋሼ ተገኘ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ሲስተር፣ እውነቱን ነገርኳቸው። አጨበጨቡልኝም። አሁን እንግዲህ ይከፍቱታል፣ አይደል?»

«ይከፍቱታል» አልኳቸው።

አመኑኝ።