በሞቴ አትብዪ

የኢናስ ስልክ ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ ሲያንቃጭል፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ለቅሷቸውን ገታ አድርገው ዞረው አዩዋት። አማቷ ሐጃ ረቲባ ከተቀበሩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ኢናስ ስልኩን በልብሷ ላይ ጨምቃ አጠፋችውና አንገቷን ደፍታ፣ የሰው ጉልበት እየተሻገረች ወደ ማድ ቤት ሄደች።

"የምን ደወል ነው?" አለች ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤት፣ ኡም ሻዲ።

"የሶላት ይሆናል።"

"በየትኛው አገር ነው በዚህ ሰዓት ሶላት ያለው?"

ኢናስ ከማቀዝቀዣው አንዲት የሻይ ስኒ የምታህል ዕቃ አወጣች። ውስጧ የተፈጨ ምስር ነበር። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ ያዘች፣ ቆየች፣ ዋጠች። ሁለተኛውን ደገመች። ሦስተኛው ላይ በሩ ተከፈተ።

አክስት ደውለት ናቸው፤ የሟቿ ታናሽ እህት። በዚህ ከተማ እሳቸው ያልመሩት ሠርግም ሆነ ለቅሶ የለም። ሬሳ እንኳ ያለሳቸው ፈቃድ ከቤት የሚወጣ አይመስልም።

"ወይኔ እህቴን!" አሉ ደረታቸውን ይዘው። "ወንዶቹ የቀበሩበት አፈር ከጫማቸው ሳይራገፍ አንቺ እዚህ ተደብቀሽ ትበያለሽ?"

"አክስቴ፣ ሐኪም ነው ያዘዘኝ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ በየሦስት ሰዓቱ…"

"ተዪኝ እባክሽ! ሐሞት ያስወጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ? የኔም ወጥቷል። አባቴ የሞተ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።"

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ። የኢናስ ሐሞት ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከሃያ ስድስት ቀን በፊት ታንታ ከተማ ውስጥ ሐኪሞች የቆረጡላት ጨጓራዋን ነው። ከአራት እጁ ሦስቱን አውጥተው ጣሉና የቀረውን የሙዝ ያህል አድርገው ሰፉት። መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ ነበረች፤ ስኳሩ፣ ጉልበቱ፣ ትንፋሽ ማጠሩ ተባብረው ሊገድሏት ነበር። ስፌቱ ገና ለጋ ነው። የምትበላው የላመ ነገር፣ በትንሹ፣ በሰዓቱ ነው፤ ከዚያ ካለፈች ሊተረተር ይችላል፣ ከተተረተረ ደግሞ ነገሩ የሞት ነው። ከቤተ ዘመዱ ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እሷ፣ ባሏ ሐምዲ፣ ሦስተኛዋ ዛሬ የተቀበሩት ሐጃ ረቲባ። "ሐሞት ነው በሏቸው፤ ስለ ሐሞት ማንም ወሬ አያወራም" ያሉትም ራሳቸው ሐጃ ናቸው።

ቀትር ላይ የጎረቤት ምግብ መግባት ጀመረ። ዳክዬ፣ ቅቤ የጠጣ ሩዝ፣ ፈታ የሚሉት በመረቅ የራሰ የቂጣ ፍትፍት። ሐዘን ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ያመጣውን አለመብላት ደግሞ ጎረቤትን መስደብ ነው። የከተማይቱ ስም መሐላ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ ሰዎቿ ሳይምሉ ውሃ እንኳ አያጠጡም። አክስት ደውለት የዳክዬ ሥጋና ሩዝ በቂጣ ጠቅልለው የጡጫ ያህል ጉርሻ አሰናዱና ኢናስ ፊት ቆሙ።

"በረቲባ ሞት ጉረሺ!"

"አክስቴ፣ አልችልም።"

"ቅድም ተደብቀሽ ስትበይ ችለሽ የለ እንዴ? በእህቴ ሞት!"

ሠላሳ ሴት ያያል። በሟች ሞት ተምሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ኢናስ አፏን ከፈተች። "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" አለች ኡም ሻዲ ከዳር፣ ሁለተኛው ተከተለ። መታጠቢያ ቤት ደርሳ ግድግዳውን ተደግፋ ስትመልሰው ደረቷ የሚሰነጠቅ መሰላት። እጇን ሆዷ ላይ ጭና፣ ቀዝቃዛ ላብ እያላባት፣ "እንዳይተረተር፣ አደራህን፣ እንዳይተረተር" እያለች ጌታዋን ለመነች።

ጉድ እኮ ነው! ጠዋት በላች ተብላ ታማች፣ ቀትር ላይ አልበላም አለች ተብላ ታማች፣ ስታስመልስ የሰማችው ደግሞ "አርግዛ ይሆናል" ብላ አሟሟቀችው። የሐሜተኛ ሆድ መቼም አይሞላ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሐምዲ ከወንዶቹ ድንኳን ብቅ አለ። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

"ሦስት ቀን ናት፣ ቻል አድርጊያት" አላት። "አሁን ጨጓራዋን አስቆረጠች ቢባል፣ አማቷን በንዴት ገደለቻት ይሉሻል።"

"አሁንስ ምን እያሉኝ ነው? በረሃብ ገደለቻት እያሉኝ አይደል?"

ይሉም ነበር። "እህቴ ከስታ ነው የሞተችው፤ ከዚህ ቤት የዳክዬ ሽታ ከጠፋ ስድስት ወር ሆኖታል" ብለው አክስት ደውለት ሲያወሩ የሰማ ሁሉ ምራቲቱን በክፉ ዓይን እያየ ነው የወጣው።

ሐጃ ረቲባ በርግጥም የዳክዬ ሴት ነበሩ። ኢናስ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በሙሽርነት ስትገባ ክንዷን ጨብጠው፣ "ይቺን ልጅ በጾም ነው እንዴ ያሳደጓት?" ብለው ሳቁባት። ከዚያ ወዲያ ማጉረስ ሆነ። በሞቴ ይቺን ብቻ፣ በሞቴ ካልጨረስሽው፣ በሞቴ ቆዳዋን እንዳትጥያት! ኢናስ በሐጃ ሞት ስንት ሺህ ጉርሻ እንደዋጠች አላህ ይወቀው። ክፋት አልነበረበትም። ሐጃ መውደድን የሚያውቁት በእጃቸው ነበር፣ እጃቸውም ከሰው አፍ ሌላ መንገድ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ፣ የሰባ ሁለት ዓመቷ ሐጃ አራተኛ ፎቅ ደርሰው ቁልፍ ሲያወጡ፣ የሠላሳ አምስት ዓመቷ ምራት ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሽዋ ያፏጭ ነበር። ሐጃ ተመልሰው ወርደው አጠገቧ ተቀመጡ።

"እኔ ነኝ አይደል እንዲህ ያደረግኩሽ?"

"እርስዎ ምን አደረጉ፣ እማማ?"

"አትዋሺኝ። በገዛ እጄ አጉርሼ አጉርሼ ወደ መቃብር ስገፋሽ ኖሬያለሁ። በይ ተነሺ። የከተትኩሽ እኔ ነኝ፣ የማወጣሽም እኔው ነኝ።"

በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም የማያውቃቸው አራት ሴቶች ለቅሶ ደረሱ። ገና ከደጃፉ "እናታችንን! እናታችንን!" እያሉ ነው የገቡት። ከዘመድ ብሰው ሲያለቅሱ ዘመድ ግራ ገባው።

"እህቴን የት ነው የምታውቋት?" አሉ አክስት ደውለት።

አራቱም ኢናስን አዩዋት። ከመካከላቸው ሲሃም የምትባለው ጉሮሮዋን ጠረገች። "ሰኞ ሰኞ እንገናኝ ነበር።"

"አሃ፣ የቁርኣን ትምህርት!"

"እ… ትምህርት ነው፣ አዎ።"

ኢናስ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ከጎኗ ያለችው ሴት ለቅሶ መስሏት "አይዞሽ" እያለች ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

ትምህርቱስ ትምህርት ነበር። ኢናስ በታከመችበት ክሊኒክ ውስጥ ጨጓራቸውን ያስቆረጡና ለማስቆረጥ የሚዘጋጁ ሴቶች በየሰኞው ይሰበሰባሉ፤ የወደቀችው ታለቅሳለች፣ የበረታችው ታበረታታለች። የመጀመሪያ ቀን የምግብ ባለሙያዋ "ኦፕራሲዮኑ ግማሽ መንገድ ነው፤ ሌላው ግማሽ ያለው ማድ ቤት ነው" ስትል፣ ሐጃ ረቲባ ከፊት ወንበር ተነስተው "እንግዲያው ማድ ቤቱን ለኔ ተዉልኝ" አሉ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሐጃ ማንበብ አይችሉም፣ የሰሙትን ግን አይረሱም። መጀመሪያ ሥጋው፣ ዓሣው፣ አይቡ፤ ሩዙ ቦታ ከተረፈ። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም። ጠግቤያለሁ ከማለትሽ በፊት ማንኪያሽን አስቀምጪ። ቅቤውን ለጎረቤት አደሉ፣ ዳክዬ መግዛት አቆሙ፣ ራሳቸውም ኢናስ የምትበላውን መብላት ጀመሩ። "ሁለት ዓይነት ወጥ በተሠራበት ቤት ማንም አይድንም" ይሉ ነበር። ስኳራቸው ወርዶ ሐኪማቸው ጉድ አለ። ልባቸው ነው የከዳቸው፤ ልባቸው ከዐሥር ዓመት በፊት ጀምሮ ታማሚ ነበር።

ሲሃም አንድ ሰኞ የባሏ እናት እንደምታላግጥባት ተናግራ ስታለቅስ፣ ሐጃ "ስልኳን አምጪልኝ" ብለው እዚያው ደውለው፣ የማያውቋትን ሴትዮ አፏን አስያዟት። ሲሃም አሁን ይህን እያስታወሰች ነበር የምታለቅሰው። ስትሰናበት ኢናስን ወደ ኮሪደሩ ሳበቻት።

"ዛሬ ምን በላሽ?"

"ምንም። ትናንት ካጎረሱኝ ወዲህ ፈራሁ። ማድ ቤት ስገባ ይጠብቁኛል፣ ስልኩንም አጥፍቼዋለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ በረሃብም እኮ ይሞታል! ሐጃ ይህን ቢሰሙ ከመቃብር ተነስተው ይመቱሽ ነበር።"

ኢናስ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ግን እንባዋ ቀደማት። ሐጃ ናፈቋት። በር ላይ ቆመው "ሰዓትሽ ደረሰ፣ ነይ" የሚል ድምፃቸው፣ በጠባቡ ማድ ቤት ከጎኗ ሲቀመጡ የሚሰማት ሙቀት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ናፈቃት። ሲሃም ከሄደች በኋላ ስልኩን አውጥታ ደወሉን መልሳ ከፈተችው።

ማክሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሴቱ ብዛት መቀመጫ አሳጥቷል። ትሪው ገባ፤ አክስት ደውለት እጃቸውን ታጥበው ጉርሻቸውን ጠቀለሉ። ልክ ፊቷ ሲደርሱ ስልኩ አንቃጨለ። ኢናስ አላጠፋችውም።

"በረቲባ ሞት ጉረሺ!"

"አልጎርስም።"

"በረቲባ ሞት እያልኩሽ?"

"ሰምቻለሁ፣ አክስቴ። አልጎርስም።"

"ኧረ ስሙልኝ! ሐሞቷ የወጣ ሴት ይህን ድፍረት ከየት አመጣችው?"

ኢናስ ተነሳች።

"ሐሞቴ አልወጣም። ሐሞቴ እዚሁ ነው። የወጣው ጨጓራዬ ነው፣ ከአራት እጁ ሦስቱ። እንዳልሞት ብዬ ነው ያስቆረጥኩት፤ አላፍርበትም። ይህች ጉርሻ እናንተ ዘንድ ፍቅር ናት፣ እኔ ሆድ ውስጥ ግን ቢላዋ ናት። እሑድ ዕለት አጉርሳችሁኝ ልሞት ነበር። እናንተ ውጭ ስታሙኝ እኔ ሽንት ቤት ውስጥ ነፍሴን ለአላህ አደራ እሰጥ ነበር!"

ከኡም ሻዲ እጅ የሻይ ብርጭቆ ሊወድቅ ነበር።

"እህቴ ይህን ታውቅ ነበር?" አሉ አክስት ደውለት።

"የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። አስታምመው ያነሱኝም እሳቸው። ባለፈው ሐሙስ ማድ ቤት ቁጭ ብለን ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ። 'እኔ ስሞት ደውለት ትሪ ይዛ ትመጣብሻለች። በረቲባ ሞት እያለች ታጎርስሻለች፤ አውቃታለሁ። እኔ ቀድሜ ልማልሽ' አሉኝ። 'ዐሥራ ሁለት ዓመት በሞቴ ብዪ ስልሽ ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን በሞቴ አትብዪ!' አሉኝ። እኔም ስቄ፣ 'ይተዉ፣ ሞት አያውሩ' አልኳቸው።" ወደ አክስት ደውለት ዞረች። "እንግዲህ ንገሩኝ። የሞቱት እሳቸው፣ በሞታቸው የማሉት እሳቸው። የማንን መሐላ ልስማ?"

ኢናስ ማድ ቤት ገብታ ምስሯን ይዛ ተመለሰች። ከሁሉም መሀል፣ ከትሪው ፊት ለፊት ተቀምጣ አንዱን ማንኪያ ጎረሰች። አልቸኮለችም። ሠላሳ ሴት ስትውጥ አያት። አምስተኛው ላይ በቃኝ ብላ ማንኪያዋን አኖረች። እንደዚያ በአደባባይ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ከበላች ዘመን ሆኗታል።

"ይቅርታ፣ እህቴ" አለች ወፈር ያለች የሩቅ ዘመድ፣ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ። "እስካሁን ስንት ኪሎ ወረደልሽ?"

"ዝም በይ፣ ለቅሶ ቤት ነው!" ተቆጣቻት ኡም ሻዲ። ወዲያው ደግሞ ጆሮዋን አስጠጋች። "ስንት አለች?"

አክስት ደውለት ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሰው ጥለው ወጡ።

ኢናስ ዕቃዋን ልታጥብ ስትገባ ማድ ቤት አገኘቻቸው። የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

"ለኔ ሐሞት ነው አለችኝ" አሉ ሳይዞሩ። "ለደም እህቷ! ለምን አልነገረችኝም?"

"ስለሚፈሩዎት ነው።"

"ረቲባ? እኔን?"

"ሁላችንም እንፈራዎታለን፣ አክስቴ። ከዛሬ በኋላ ግን እኔ አልፈራም።"

ሴትዮዋ ዞሩ። ኢናስ ብርቱ መልስ ጠብቃ ተዘጋጅታ ነበር። ፊታቸውን ስታይ ግን የተዘጋጀችበት ሁሉ ጠፋት። ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፣ ጠርዙን የለቀቁት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በየሦስት ሰዓቱ ስለ እህል ስታስብ ለከረመች ሴት ይህ አይጠፋትም።

"አክስቴ፣ እርስዎ ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበሉት?"

"እኔ?" ጥያቄው እንግዳ ሆነባቸው። "እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"እኔ እየጠየቅኩ ነው።"

"ከእሑድ… ቅዳሜ ማታ ከሷ ጋር ነው የበላነው። ከዚያ ወዲህ አልወርድ አለኝ። ስንቱን ሳጎርስ ለራሴ አልወርድ አለኝ።" ከዚያ እኚያ ለቅሶ መሪ ሴትዮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላውን ሲያስለቅሱ የሰነበቱት፣ እንደ ልጅ ሳግ ያዛቸው።

ኢናስ ወንበር ሳብ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ከማቀዝቀዣው እርጎ አወጣች። በማንም ሞት አልማለችም። የማንኪያዋን ጫፍ ብቻ ሞልታ ወደ አፋቸው አስጠጋች።

"በዝቷል" አሉ አክስት ደውለት።

ኢናስ ግማሹን ወደ ሳህኑ መለሰችው። አክስት ደውለት አፋቸውን ከፈቱ። ኢናስ ሁለተኛውን ሳትሞላ፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ እስኪውጡ ድረስ ጠበቀቻቸው።