እርፍ የሚይዝ እጅ

አረጋ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ያን ቀን ኩልመስክ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሦስቴ «አይነቃነቁ» ተባለ፤ ሦስቴም አንገቱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ደመናው ተራራውን ለብሷል። መሬቱ ገና አንዴ ብቻ ነው የታረሰው።

«አያ አረጋ፣ አንዲት ደቂቃ ብቻ!» አለችው ሰርካለም። የላሊበላ ቄስ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አካላቸው ለጎደለ ሰዎች መርጃ መሣሪያ በኮምፒውተር ትነድፋለች። በእጇ የያዘችው ስካነር ብርሃን እየረጨ የጉማጅ ክንዱን ቅርጽ ይቀዳል።

«በግራዬ እርፉን ብይዝ ጅራፉን በምን ላንሳ?» አላት። «የወፍጮው ሞተር የሚያዞረው ቺንጋ ቀኜን ከበላው ወዲህ ሰው ለምኜ ነው የማሳርስ። ሰው ደግሞ የራሱን ሳይጨርስ አይመጣም።»

ተቀድቶ ሲያልቅ የኮምፒውተሯን ማያ አሳየችው። ክንዱ እሱን ትቶ ብቻውን ሲሽከረከር ሲያይ ሰውነቱን ሰቀጠጠው።

በሳምንቱ ሰርካለም የተሠራውን የፕላስቲክ እጅ መንደሩ ድረስ ይዛለት መጣች። አምስት ጣት፣ ጥፍር ሳይቀር። ሚስቱ ወለላ እልልታዋን አቀለጠችው። አረጋ ግን ምርቃቱን እንኳ ሳያስጨርስ በሬዎቹን ጠመደ። አራተኛው ትልም ላይ ማረሻው ድንጋይ መታ። ጣቶቹ እርፉን አልለቅ ብለው ክንዱን ከነትከሻው ጠመዘዙት፤ አውራ ጣቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ኮምፒውተር ላይ መቶ ጊዜ ፈትኜዋለሁ» አለች ሰርካለም፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ኮምፒውተርሽ ውስጥ ድንጋይ አለ?»

ሰርካለም ጫማዋን አውልቃ ትልሙ ውስጥ ገባችና እርፉን ጨበጠች፤ በሬዎቹን እሱ ነዳላት። ሃያ እርምጃ ሳትሄድ ማረሻው ድንጋይ እየመታ እጇ ሁለት ጊዜ ከእርፉ ላይ ተፈናጠረ።

«የሰው እጅ ይለቃል እኮ!» አለች እያለከለከች። «ይሄም መልቀቅ አለበት።»

እዚያው ቆማ እርፉን በስካነሩ ቀዳች፤ ክንዱንም እርፉ ላይ አስደግፋ ቀዳች። ዝናቡ ሲጀምር ስካነሩን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ሮጠች።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። አረጋ እህል አልበላ አለው። ጠዋት ማታ አውቶቡስ መውረጃው ድረስ ሲመላለስ፣ ወለላ «አንተ ሰውዬ፣ መንገዱን ጨረስከው!» ትለው ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሰርካለም ይዛ የመጣችው አዲስ እጅ ጣት የሚባል የለውም፤ ውስጡ የጎማ ቁራጭ የተለበጠበት ቆልማማ ነገር ነው።

«ይሄማ መንሽ ነው!» አለች ወለላ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

አረጋም ቅር ብሎታል፤ ግን አጠለቀው። ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ቆልማማው ተከፍቶ ለቀቀ፤ በክንዱ መልሶ ሲጫነው እርፉን ያዘ። አረጋ ሳያስበው ጮክ ብሎ ሳቀ፤ እስከ ቀትር አልቆመም።

ሲያወልቀው ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ደም አዝሏል። ሰርካለም ደነገጠች። «ሦስት ቀን እንዳይነኩት! ክንድዎ የሚገባበትን ማቀፊያ አሰፋዋለሁ።»

«ሦስት ቀን? ዘሩስ?»

አንድ ቀን ታገሠ። በማግስቱ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆልማማውን አጠለቀና ወጣ። ገብሱን ዘራ፤ የማሳው የታችኛው ጥግ ግን ሳይታረስ ክረምቱ ገባ።