አክተሩ ጣሪያው ላይ ያላለው

፩

አክተሩ የባንኩ ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሟል። ገመዱ ወገቡ ላይ ነው። ከስሩ ካዝናው አለ፤ ካዝናው ውስጥ ከድሆች የተቀማ ወርቅ። ሰርቆ ሊመልስላቸው ነው። ማስቲካ ያኝካል። ወደ ታች ያያል። ይዘላል።

በቃ።

ህንዶቹ የሠሩት ይህንኑ ብቻ ነው።

፪

ድሬዳዋ፣ መጋላ። አሥራ ስድስት አግዳሚ ወንበር ያለው ቪዲዮ ቤት። ማይክ የያዘው ሸምሱ ነው፣ ፊልም ተርጓሚው። ህንድኛ የሚያውቀው ቢበዛ አሥር ቃል ቢሆን ነው። ግን ወንድሜ፣ እሱ ሲተረጉም የሰማ ሰው ህንዶቹን ራሳቸውን "ዝም በሉ፣ እንስማበት" ይላል!

ሸምሱ ዝምታ ሞቱ ነው። አክተሩ ዝም ብሎ ማስቲካውን ሲያኝክ፣ ተመልካቹ ማፏጨት ሳይጀምር፣ ከራሱ አፍልቆ በማይኩ እንዲህ አለ፦

"እናቴ ስትሰማ ታለቅሳለች። ግን ልጇ ሌባ እንዳልሆነ ታውቃለች።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በታየ ቁጥር ሸምሱ ይደግማታል፣ ሕዝቡም አብሮት ይላታል። የሸምሱ ፈጠራ መሆኗን ያወቀ የለም። የአክተሩ ናት ብለው ያምናሉ።

፫

የህንድ ፊልም ሕግ፣ በመጋላ ሕዝብ የጸደቀ፦

ሀ. አክተር አይሞትም።
ለ. ጥይት ካገኘውም ትከሻው ላይ ነው።
ሐ. አክተር ከሰረቀ ለሰው ብሎ ነው።
መ. አክተር እናት አለችው።

ማን ጻፈው እንዳትሉኝ። ፀጉሩን እንደ አክተሩ የተቆረጠው፣ መነጽሩን ሸሚዙ አንገት ላይ የሚያንጠለጥለው፣ ባጃጁ ላይ ፎቶውን የለጠፈው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

፬

ኢልያስ ባጃጅ ነጂ ነበር፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ። ፊልሙን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አይቶታል።

ረቡዕ ቀን በስምንት ሰዓት፣ ድሬ በሙቀትና በጫት ፀጥ በምትልበት ሰዓት፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የአንድ ነጋዴ መጋዘን ጣሪያ ላይ ወጣ። ለጎርፍ ተጎጂዎች የመጣ ብርድ ልብስ እዚያ ተደብቋል ተብሎ ይወራ ነበር። አውጥቶ ሊያከፋፍል ነው። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ያቺን ቃል ተናገረ።

ዘለለ።*

ገመዱ የበግ ማሰሪያ ነበር።





* እዚህ ጋ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። ቀደድኩት። ሕግ ሀን ተመልከቱ።

፭

ከአራት ቀን በኋላ። ጠዋት። ባዶው ቪዲዮ ቤት። የኢልያስ እናት አዴ ዘሀራ መጣች። (አዴ እናት ማለት ነው። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ አትታዘቡን።)

አዴ ዘሀራ፦ ሸምሱ የሚሉህ አንተ ነህ?

ሸምሱ፦ እኔ ነኝ አዴ። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። ቁጭ በይ።

አዴ ዘሀራ፦ አሚን። ቁጭ ልል አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ አደራ እንዳትዋሸኝ።

ሸምሱ፦ ጠይቂኝ።

አዴ ዘሀራ፦ ልጄ ከመዝለሉ በፊት "እናቴ ስትሰማ ታለቅሳለች፤ ግን ልጇ ሌባ እንዳልሆነ ታውቃለች" አለ። ጓደኞቹ ነገሩኝ። ለቅሶ የመጣው ሰው ደግሞ "ከፊልም የቀዳት ናት፣ ላንቺ ብሎ አይደለም" ይለኛል። እዚያው ፍራሹ ላይ ተቀምጬ! ከሱ የቀረኝ ይቺ ብቻ ናት ሸምሱ። የህንዶቹ ናት ወይስ የልጄ?

፮

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አንተ ሸምሱን ሁን።

"የህንዶቹ አይደለችም" ብትላት እውነት ነው። ትጽናናለች። አንተም ነፃ ትወጣለህ።

"የኔ ናት" ብትላትም እውነት ነው። ግን የልጇን የመጨረሻ ቃል ከእጇ ትነጥቃታለህ። ልጁን ጣሪያ ላይ ማን እንዳወጣውም ያኔ ትናገራለህ። ሸምሱ ይህን ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃል፤ እህል ከቀመሰ አራት ቀኑ ነው።



፯

ሸምሱ፦ የህንዶቹ አይደለችም አዴ። ወላሂ ፊልሙ ውስጥ የለችም።

አዴ ዘሀራ፦ አልሐምዱሊላህ! የልጄ ናት ብያቸው ነበር! አላልኳቸውም?

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ልጇ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። ሻሿን አስተካከለች፣ ሸምሱን መረቀችው፣ ልጆችህ ይደጉልህ አለችው። መጋረጃውን ገልጣ ልትወጣ ስትል ቆመች።

አዴ ዘሀራ፦ እኔ የምልህ ሸምሱ፣ ታዲያ ያ አክተራችሁ እዚያ ጋ ሲደርስ ምንድነው የሚለው?

፰

ሸምሱ፦