ጀርባ ሰጥቶ መጠበቅ

ሰልዊን አፉን ከከፈተ ፀሐይ ራሷ መግቢያዋን ትረሳለች። በዚያ በረሃ ያላዋራው ሰው የለም፤ በልጅነቱ አድኖ የጣላትን የዱር ግመል ታሪክ ሲያወራ ግመሏ በየዓመቱ እያደገች አሁን የመንደሩን ክሊኒክ አክላለች። ለአማቱ ለዳልሲ ብቻ ኖሪንን ካገባ ጀምሮ አንዲት ቃል ተንፍሶላቸው አያውቅም። በወገኖቹ ሥርዓት አማትና አማች አይነጋገሩም፣ ፊት ለፊትም አይተያዩም፤ ክብር ነው። እሳቸው ብቅ ሲሉ እሱ ይርቃል፤ እሱን ሲያዩ እሳቸው ፊታቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ። ከአደን ሲመለስ ግን ምርጡን የካንጋሮ ጭራ በሚስቱ እጅ ይልክላቸዋል።

አሁን አሮጊቷን የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ነርሷ፣ «ቀን ቀን የሚጠብቃቸው ከሌለ ከተማ ወዳለው መጦሪያ በአውሮፕላን መሄዳቸው ነው» አለች። ከዚያ በሕይወት የተመለሰ ሽማግሌ አልታየም። ኖሪን ደግሞ ሱቅ ትሠራለች።

«እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አለ ሰልዊን።

«ሳታያቸው?»

«እኔ በጀርባዬ የማየውን ሌላው በመነጽር አያየውም።»

«ጉራህን ለግመሏ።»

እውነትም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳላቸውን እያዳመጠ፣ መሬት ላይ ጥላቸውን እያየ ሰነበተ።

አንድ ቀን ግን ዳልሲ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ፊታቸውን አልሸፈኑም።

«ወንድሜ፣ ውሃ ጉድጓዱ ጋ አንሄድም እንዴ?»

ሰልዊን ክው አለ። እንደ ሥርዓቱ ተነሥቶ ራቅ አለ። ተከተሉት። ደግሞ ራቀ። «ምን አድርጌህ ነው የምትሸሸኝ?» እያሉ ደግሞ ተከተሉት። እሱ በአክብሮት ሲሸሽ፣ እሳቸው በናፍቆት ሲከተሉ፣ ቤቱ ከኋላቸው ቀረ። ድንገት ድምፃቸው ጠፋ። ብረት በሚያቀልጠው አሸዋ ላይ ወድቀዋል፤ ቢጣራ የሚሰማው የለም።

ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አነሣቸው። አንገቱን አቀፉት።

«ወንድሜ፣ አንተ ነህ?»

«አዎ እህቴ፣ እኔ ነኝ» አላቸው።

ኖሪን ስትመለስ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘችው።

«እማዬ ተጎዳች?»

«አልተጎዱም። እየሳቁ ነው የመጡት።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ፊቴን በእጃቸው እየዳበሱ መጡ፣ ኖሪን። እኚያ ሴት።»

ኖሪን አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አልችልም» አለ። «ብሸሽ እገድላቸዋለሁ፤ ባልሸሽ አዋርዳቸዋለሁ። ነርሷ ሴት ትላክልን።»

«ለምኛት ነበር እኮ። የምትላክ ሴት የለችም አለችኝ። ያለው አውሮፕላኑ ነው።»

በረሃውን በወሬ የሚሞላው ሰው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ኖሪን ገብታ ለአውሮፕላኑ ጉዞ የእናቷን ብርድ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።