የታጠቡት ልጆች

«ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው!» ትላለች ለተኪዳን እስከ ዛሬ።

መቀሌ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆችን በሚያስተምር አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ መምህርት ነበረች። ሃያ ስድስቱንም ተማሪዎቿን ትወዳቸዋለች፤ ሒክማን ግን፣ ምን ይደበቃል፣ አብልጣ ትወዳት ነበር። ከእናቷ ጋር ከወሎ የመጣችው ይቺ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መነኸሪያ በር ላይ ሶፍት እየሸጠች በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል አለፈች። «ቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳልገባማ አልቀርም» ትላለች፤ አፏ አያርፍ!

አንድ ቀን ረጂዎቹ ሊጎበኙ ነው ተባለ። እርዳታው ይቀጥል ወይ ይቁም የሚሉት እነሱ ናቸው። ታዲያ እንግዳ እየመጣ ልጅን አዳፋ አልብሶ ማቆም? እዋይ! ለተኪዳን እንዲህ ያለ ነውር ከቤቷም አልለመደች። ከጎረቤት ዩኒፎርም ለመነች፤ የእህቷን ልጆች ጫማ አስወለቀች። ውሃ በጠፋበት ሳምንት በጀሪካን አስቀድታ ልጆቹን አንድ በአንድ አጠበች። የሒክማን ጸጉር ራሷ ሹሩባ ሠራችላት።

እንግዶቹ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መጡ። ልጆቹ ዘመሩ፣ ሒክማ አነበበች። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አጨበጨቡና ሄዱ። ለተኪዳን ደስታዋን አልቻለችውም።

በወሩ ደብዳቤ መጣ። «ልጆቹ በደህና ሁኔታ ላይ ስለሚገኙ እርዳታውን ይበልጥ ለተቸገሩ አዛውረነዋል» ይላል። አፈር በበላሁ! አለች። ጻፈች፣ ለመነች፣ ጫማው የውሰት ነው ብላ ማለች፤ ማን ይስማት? ክፍሉ ተዘጋ።

ዘንድሮ ሌላ ድርጅት ልጆች ሊመዘግብ ሲመጣ ለተኪዳን ልታግዝ ሄደች። ሰልፉ ውስጥ ሒክማን አየቻት። ቁመቷ ጨምሯል። ባዶ እግሯን ናት፤ ፊቷ ጠቁሯል፣ ጸጉሯ ተንጨፍርሯል።

«ሒክማ! ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሽብኝ ነው?»

ልጅቷ ግራ ቀኟን አይታ ወደ መምህርቷ ጆሮ ተጠጋች። «ደህና ነኝ መምህር። ጫማዬን እናቴ ጋ ትቼው ነው። ፊቴንም ከሰል ነው የቀባሁት። ያኔ ታጥበን አይደል እርዳታው የቀረብን?»

ለተኪዳን ከሰሉን ልትጠርግላት የነጠላዋን ጫፍ አነሣች። ከዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡትን መዝጋቢዎች አየችና መልሳ ለቀቀችው።

«እንዲሁ ሁኚ» አለቻት።