እናቴ የምትወደው ፊልም

እናቴ በዕድሜዋ አንድም ልጅ መትታ አታውቅም። የምትቀጣን በፊልም ነበር። ወንድሜ ዳንቴ ከጎረቤት ማንጎ ሰርቆ የተያዘ ቀን፣ ሩዝ ሰርቆ እናቱን በኀፍረት ስለገደላት ልጅ የተሠራውን ፊልም ከነለቅሶው ተረከችለት። ማንጎውን መልሶ ሲመጣ ዓይኑ አብጦ ነበር። እህቴ ሎይዳ በአዲስ ጫማ የተኩራራች ጊዜ ደግሞ፣ ሀብታሟ ልጅ መጨረሻ ላይ የገዛ ሠራተኛዋን እግር የምታጥብበት ፊልም ተከፈተላት። አባታችንም አልቀረለትም። የሰካራሙን አባት ፊልም ደጋግሞ አብሯት አይቷል፤ ባየው ቁጥር አልቅሷል፤ ከዚያም ለመጽናናት መጠጥ ቤት ሄዷል።

ለእኔ የደረሰኝ የሶኮሮ ፊልም ነው። ሶኮሮ የቤቱ በኩር ናት። አባቷ ይሞታል፤ የሚወዳት ሰው ላግባሽ ይላታል፤ እሷ ግን ታናናሾቿን ላሳድግ ብላ ጸጉሯ እስኪሸብት እዚያው ቤት ትቀራለች። አባታችን ሲሞት እናቴ ካሴቱን ገዝታ መጣች። ትምህርቴን ትቼ በከተማችን በሌመሪ ገበያ የደረቀ ዓሣ እንድሸጥ ያስገደደኝ ሰው የለም። ፊልሙን አብረን አየነው፤ ሲያልቅ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ፤ በቃ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ሩፊና መሆኑን የሚያስታውሰው ኤልመር ብቻ ነው። ለቤቱ ሰው እኔ «አቴ» ነኝ፣ ታላቅ እህት። ጣሪያው ሲያፈስ አቴ፣ ሎይዳ ስታምጥ አቴ፣ የሎይዳ ልጅ ሲያስለው አቴ። ኤልመር የጀልባ መካኒክ ነው። ዓሣ ሊገዛ እየመጣ ነው የተዋወቅነው፤ የደረቀ ዓሣ እንደማይወድ የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለካ የገዛውን ሁሉ ለድመት ሲሰጥ ኖሯል። አሁን ሴቡ ደሴት ላይ ሥራ አግኝቷል፤ በሚቀጥለው ወር ይጀምራል። ተጋብተን አብረን ልንሄድ ተስማማን። እዚያም ሆኜ ቤቱን እንደማልረሳ ለእናቴ ምዬ ነገርኳት። እሷ እሺም እንቢም አላለችም። መጀመሪያ ቤተሰቦቹ መጥተው ይጠይቁን፣ ያኔ እናያለን አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ኤልመር አንገቱ ላይ የሚያንቀው ሸሚዝ ለብሷል። እናቱ እማማ ትሪኒንግ ባዶ እጇን ከፊት ስትገባ፣ ታላቅ እህቱ ፑሪታ ድስቶቹን ሁሉ ተሸክማ ከኋላ ደረጃውን ወጣች። ልጅ የሚጠየቅ ዕለት አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ፦ የወንዱ ወገን ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ይበላል፤ ከዚያ ትልልቆቹ ስለ ሰርጉ ቀን ይነጋገራሉ፤ ልጅቷ ታስተናግዳለች እንጂ አትናገርም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ያመጡትን ኑድል ጨለፍኩ። ዕድሜ እንዲረዝም ሳይቆረጥ የሚበላ ኑድል ነው፤ የእኔን ሳህን ሳይ ግን ዕድሜዬ እንዲረዝም መፈለጌን እንጃ።

ተበልቶ ሲያበቃ እማማ ትሪኒንግ ስለ ቀኑ ልታነሳ ጉሮሮዋን ጠረገች። እናቴ ግን ቀደመቻት። ምግቡ እስኪንሸራሸር ትንሽ ፊልም ብናይስ አለችና ካሴቱን ከተተችው። የሶኮሮ ሙዚቃ ጀመረ።

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። እማማ ትሪኒንግ ነጋዴ ናት፤ በሰው እንባ የምትሸነፍ አትመስልም። እሷ ግን ይህማ እኛም ቤት አለ ብላ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ እናቶች በአንድ መሐረብ ይጠራረጉ ጀመር። ፑሪታ በሩ አጠገብ ቆማ ከተዋናይዋ እኩል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ አንዲት ቃል አትስትም። ኤልመር ፊልሙን አይቶት አያውቅም። መጀመሪያ ላይ እየጠቀሰኝ ይስቅ ነበር። የሶኮሮ ወዳጅ ወደብ ላይ ቆሞ «ወንድሞቿን ጥላ የምትመጣ ሴት ነገ እኔንም ትጥላለች፤ ስለዚህ እጠብቃታለሁ» ሲል ግን ኤልመር መጥቀሱን ተወ። አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያኔ ፈራሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ እናቴ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዓይኗን ጠርጋ፣ ዳንቴ የመርከበኛ ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ እንደቀረው ብቻ ነገረቻቸው። እማማ ትሪኒንግም ታናናሾች ይቅደሙ፣ ሰርግ የትም አይሄድም አለች። ከዚያ ሁለቱም ኤልመርን አዩት። እኔም አየሁት። ይናገራል ብዬ ነበር፤ በጀልባ ካፒቴን ፊት እንኳ ወደ ኋላ የማይል ሰው ነው።

ተነሣና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እማማ፣ እኔ እጠብቃታለሁ» አላት ለእናቴ።

ሎይዳ አለቀሰች። ኤልመር እንዲህ አምሮበት አያውቅም። በኑድሉ ድስት አናቱን ብለው ደስ ባለኝ።

«እኔ አልጠብቅም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ማግባት የምፈልገው አሁን ነው። ሴቡ መሄድ እፈልጋለሁ። እኔ ሶኮሮ አይደለሁም፤ ሰለቸኝ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የንዴቴ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ይደነግጣሉ፣ ይቆጣሉ፣ ቢያንስ አንዱ ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። አንድም የተቆጣ የለም። ሁሉም በፍቅር ያዩኛል። እናቴ ፊቷ በርቶ ወደ እማማ ትሪኒንግ ዘወር አለችና «አየሽልኝ?» አለቻት።

ያኔ ገባኝ። ሶኮሮም ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሰለቸኝ ብላ ትጮኻለች፤ እንዲህ ታለቅሳለች። ከዚያ ነው ወደ እናቷ ሄዳ የእናቷን እጅ ጀርባ ግንባሯ ላይ የምታደርገው። ስንቴ አይቼው እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። አፌን የከፈትኩት ራሴን ላስለቅቅ ነበር፤ ለካ የተናገርኩት የቀረውን ቃለ ተውኔት ነው።

እናቴ እጇን ዘረጋችልኝ። እኛ ዘንድ የትልቅ ሰው እጅ ተዘርግቶ አይመለስም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ወጥተን ስንገባ የምንሳለመው እጅ ነው። ኤልመር አይዞሽ በሚል ዓይን ራሱን ነቀነቀልኝ። በሩ ክፍት ነበር። እግሬ ወደ በሩ ይወስደኛል ብዬ ትንሽ ጠበቅኩት፤ አልወሰደኝም። ሄጄ ጎንበስ አልኩና ግንባሬን እጇ ላይ አደረግኩ። በዚያች ሰዓት ሁሉንም ጠላኋቸው፤ የእናቴ እጅ ግን የዓሣና የሳሙና ሽታ ነበረው፤ እሱን መጥላት አቃተኝ።

ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። ፑሪታ ቀድማኝ ታጥባለች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ አላገባችም። ኤልመር «ያስተማረችኝ እሷ ናት» እያለ በኩራት ያወራልኛል። እሷንም ቤቷ የሚጠሯት አቴ እያሉ ነው። ጎኗ ቆሜ ሳደርቅ ቆየሁና፣ አንቺም ጮኸሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁለት ጊዜ» አለችኝ። ሳህኑን ተቀበለችኝና ራሷ አደረቀችው። ሳሎን ውስጥ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው እየመለሱት ነው። «የሚከብደው መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ነው፣ እህቴ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እያደር ፊልሙን ትወጂዋለሽ።»