የብራዚሎቹ ገንዳ

ሰውየው ኳስ አይችልም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዚያ ነው።

መቼስ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ ከሜዳው ማዶ አረንጓዴ በር ያለውን ግቢ ብራዚሎች ተከራዩት ሲባል የሰፈሩ ወጣት እንቅልፍ አጣ። ባልና ሚስት ከአንዲት ትንሽ ልጃቸው ጋር ናቸው። ሚሲዮን ናቸው፣ ወጣት ሊያስተምሩ ነው የመጡት ተብሏል፤ ወጣቱ ግን ጆሮው የገባችው "ብራዚል" የምትለዋ ብቻ ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሜዳው ጢም አለ። ባልየው ፓውሎ ይባላል፣ እንደ ባሕር ዛፍ የተመዘዘ ሰው ነው። ኳሷን አቀበሉት። መታት። ኳሷ ወደ ኋላው ሄደች።

ማናዬ ይህን በዓይኗ አይታለች። የቆርቆሮ አጥሯ ሜዳውን ይነካል፤ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ለአንድ ዓይን የምትበቃ ቀዳዳ አለች።

"ከብራዚል መጥቶ ኳስ የማይችል ሰው ምን ይባላል?" አለቻት ጎረቤቷን እቴነሽን።

"ምን ይባላል? ሁሉም ይችላል እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ! ጎንደሬ ሆኖ ሽሮ አላውቅም የሚል አይተሻል? ይሄ ሰውዬ አገሩን ዋሽቷል። አገሩን የዋሸ ሌላውንማ ምን ያህል ይዋሽ!"

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰውየው ብራዚላዊ አለመሆኑን ያውቅ ነበር።

ማናዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጅ ልጇ ከሶሊያና ጋር ነው የምትኖረው። ሀብቷ ምንድን ነው ብትሏት ማኅበሬ ነው ትላለች። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነው፤ በየወሩ በአሥራ ስድስት በተራ ከቤት ቤት እየዞረ ይጠጣል። እናቷ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ነው የምትቀመጠው። ባሏን የቀበሩላት፣ ስትታመም ያስታመሟት እነሱ ናቸው። ከዚያ ቦታ መነሣት ማለት ለማናዬ በቁም መቀበር ነው።

ይህን እያወቀች ነው እንግዲህ ያንን ሕግ ራሷ ያስወጣችው።

የሰፈሩ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አረንጓዴው በር መግባት ጀመሩ። ከሁሉ ቀድማ የገባችው የዘነበወርቅ ልጅ ልዕልት ናት። ዘነበወርቅም የማኅበሩ አባል ናት፤ ከማናዬ ጋር ድሮ በአንድ ማሰሮ ተጣልተው እስከ ዛሬ አልታረቁም። ማናዬ በማኅበር ቀን ጠላዋን አስቀምጣ ተነሣች።

"እነዚያ ሰዎች ጓሮ ውስጥ ገንዳ ሠርተዋል። ገንዳው ደረጃ አለው። ውሃ በደረጃ ይወርዳል እንዴ? ሰው ሊነክሩበት ነው! ከቤቱ የተነከረ ሰው ያለበት ከዚህ ማኅበር ይውጣ። እንጠይቃቸው እንዳትሉኝ፤ ይክዳሉ፣ መካድ ልማዳቸው ነው።"

የማኅበሩ አባት አባ ወልደኢየሱስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የማኅበሩን ሥርዓት የምታስከብረው ሙሴዋ ወይዘሮ ሸዋረጋ ግን "ሸጋ ብላለች" አለችና ሕጉ ጸና። ዘነበወርቅ ማናዬን አየቻት። እንዲህ የሚያይ ሰው ያስፈራል።

ወሩ ሳይጋመስ ሶሊያና አንድ ቅዳሜ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ገባች።

"ምነው ፀጉርሽ?"

"ታጥቤ ነዋ።"

"የት?"

"ሉሲያ ጋ፣ የፓውሎ ሚስት። ፀጉር ሥራ እያስተማረችን ነው። አንዳችን ያንዳችንን እናጥባለን፣ እንጠቀልላለን..."

"ፀጉር ማጠብ ትምህርት ሆነ? እኔ እስከ ዛሬ ሳጥብሽ ዲፕሎማ ይዤ ነው?"

"እማዬ ትሙት ስልሽ!"

"በእኔ አትማዪ! አንገትሽን አሳዪኝ።"

ማተቧ አለ። አለ፣ ግን ርሷል። ማናዬ ጎተት አድርጋ አሸተተችው። ሳሙና ሳሙና ይላል። በሳሙና ነው እንዴ የሚነክሩት አለች በሆዷ። ከዚያ ሕጉ ትዝ አላት። ከቤቱ የተነከረ ሰው ያለበት ይውጣ። ቀጣዩ የማኅበር ተራ ደግሞ የእሷ ነው፤ ጌሾውና ብቅሉ ተገዝቶ ተቀምጧል።

"ለማን ነገርሽ? ማን አየሽ?"

"ምኑን?"

"ነጠላ ተከናነቢ! እስኪደርቅ ከቤት እንዳትወጪ!"

ሶሊያና ትዋሽ አትዋሽ ሌላ ሰው አይነግራትም፤ ራሷ ማየት አለባት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ሳህን ቆሎ ይዛ፣ ከዘራዋን ተመርኩዛ አረንጓዴውን በር አንኳኳች። ሉሲያ ከፈተች፤ አጭር፣ ሳቂታ፣ ክንዷ ድረስ አረፋ በአረፋ።

"እማማ! ደህና ነህ? ግባ፣ ግባ!"

ወንድ አደረገችኝ፣ አለች ማናዬ በሆዷ፤ ምን አስባ ነው?

ገባች። ግቢው ውስጥ ዳስ ሥር ልጃገረዶቹ ተደርድረዋል። ልዕልት የሶሊያናን ራስ በአረፋ ትፈትጋለች፤ ሌሎቹ ፀጉር በቢጉዲን ይጠቀልላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሶሊያና አያቷን ስታይ አረፋው ዓይኗ ገባ። ወዲያ ማዶ ፓውሎ ከወንዶቹ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግቶ ያወራል፤ ቃል ሲጠፋው ትንሿ ልጁ ክላራ ከሰፈሩ ልጆች በቀሰመችው የጠራ የጎንደር አማርኛ ትሞላለታለች። "አባዬ፣ 'ምሕረት' ነው የሚባል" ትለዋለች።

እና ፀጉሩ እውነት ነው ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቆሎውን ሰጥቶ ይመለስ ነበር። ማናዬ ግን ፊት ለፊት የሚያሳዩት ካለ ከጀርባ የሚደብቁት አለ ብላ የምታምን ሴት ናት።

"ሽንት ቤቱ በየት ነው?" አለች።

በጓሮ ነዋ። ገንዳውም በጓሮ ነው። ሲሚንቶ ነው፣ ከመሬት ብዙም ከፍ አይል፣ አፉ ድረስ ሞልቷል። ደረጃውም አለ! ማናዬ ልቧ ደስ አላት። አሁን የቀረው ሰው ያስተኛል ወይ የሚለው ነው። ከዘራዋን ዘርግታ ስፋቱን ልትለካ ጎንበስ አለች። ጠርዙ ሳሙና ነክቶታል።

ከነነጠላዋ ገባች።

"እማማ ማናዬ ገንዳ ገባች!" ክላራ ናት፤ አጥር ላይ ወጥታ ለአስፋልቱ ታውጃለች። "ኧረ ሰዎች! ሁለመናዋን ገባች!"

ፓውሎና ወንዶቹ ጎትተው አወጧት። ሉሲያ ቤት አስገብታ አደረቀቻት፣ የሚሆናትን ልብስ ብትፈልግ ያገኘችው አንድ ሰፊ ነጭ ቀሚስ ነው፣ አለበሰቻት። ማናዬ ጥርሷ እየተንገጫገጨ እንኳ ሥራዋን አልረሳችም።

"እውነቱን ንገሪኝ። ገንዳው ለምንድን ነው?"

"ለውሃ። ቧንቧ አይመጣም።"

"ደረጃውስ?"

ሉሲያ ፎጣውን አጠፈች። መዋሸት ትችል ነበር። "ሰው ራሱ መጥቶ 'አጥምቁኝ' ካለ፣ ለእሱ። እስከ ዛሬ ማንም አላለም።"

"አገኘሁሽ!" ብላ ማናዬ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ብዬ ነበር! ለመንከሪያ ነው ብዬ ነበር!" ከዚያ ራሷን አየች። ፀጉሯ ይንጠባጠባል። ልብሷ ነጭ ነው፣ እንደ ተጠማቂ። ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ስትወጣ በሩ ላይ ቢጫ ጄሪካን ይዛ የቆመችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ዘነበወርቅ። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት።

"ማናዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አለቻት።

የአሥራ ስድስት ዋዜማ ማኅበርተኛው ይቀርብኛል ብላ ማናዬ ስትጨነቅ አደረች። ማን ይቀራል! ታማ የከረመችው እንኳ ተደግፋ መጣች። ዳቦው ተቆረሰ፣ ሶሊያና ጠላውን እየዞረች ቀዳች፣ ሁሉም ጠጣ፣ ማንም ወሬ አላነሣም። ሁሉም ግን ማናዬን በብርጭቆው ጠርዝ ያያል።

ዘነበወርቅ ጉሮሮዋን ጠረገች። "አባቴ፣ አንድ ሕግ ነበረን። የተነከረ ይውጣ የሚል። አውጪዋ ራሷ ከነከዘራዋ ተነክራለች። እኔ በዓይኔ ነው ያየሁ፤ ነጭ ለብሳ ስትወጣ።"

"ወድቄ ነው!" አለች ማናዬ።

"ደረጃ እያለልሽ?" አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና ሉሲያ ገባች፤ የማናዬን ነጠላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በሁለት እጇ ይዛ። ሰው መሰብሰቡን ስታይ ደነገጠች። አባ ወልደኢየሱስ ግን እድሉን አላሳለፉም።

"ነይ ልጄ። እኚህን ሴት አጥምቃችኋቸዋል?"

"አይ አባ። እሱ ወደቀ። እኛ አወጣነው።"

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ማናዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይችን ፈረንጅ ልትስማት ፈለገች። "ሰማችሁ? ከእሷ አፍ ሰማችሁ?"

"ይክዳሉ" አለች ዘነበወርቅ በለሆሳስ። "መካድ ልማዳቸው ነው።"

ቃሉ የራሷ የማናዬ ነው። ሉሲያ ነጠላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋላት እጅ ነስታ ወጣች።

አባ ወልደኢየሱስ ደግ ሰው ናቸው፣ መሐል ያለውን መንገድ ፈለጉ። "እንግዲህ አታካብዱት። ቄደር ይደረግላት። ሃይማኖቱን ትቶ ለተመለሰ የሚጸለየውን እንጸልያለን፣ ትረጫለች፣ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች።"

"አልሄድኩም እኮ አባቴ! ያልሄደ ሰው ከየት ይመለሳል? ቄደር ከተረጨሁ ከርሜም ሞቼም 'ያች የተነከረችዋ' ነው የምባል!"

"ካልሆነ" አለች ሙሴዋ ሸዋረጋ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ፣ "ሕግ ሕግ ነው፤ ቦታውን ትለቂያለሽ።"

ማናዬ የእናቷን ቦታ በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ በዚያች የቆርቆሮ ቀዳዳ ሁሉንም ስታያቸው ነው የከረመችው።

"ይሁን" አለች። "የነካው ውሃ ሰውን የሚያስወጣ ከሆነ አብረን እንውጣ። እቴነሽ፣ ማክሰኞ በባጃጅ ከአረንጓዴው በር ያስጫንሽው ምን ነበር፣ ወተት? ሸዋረጋ፣ ሠራተኛሽ በጓሮ በኩል የምታመላልሰው ውሃ ለማን ነው? ዘነበወርቅ፣ ያን ቢጫ ጄሪካን ይዘሽ ልትሳለሚ ነበር የቆምሽ? ልጆቻችሁን በምን አጠባችሁ? ወጣችሁን በምን ሠራችሁ?"

"መጠጣትና መነከር አንድ ነው?" አለች እቴነሽ ፊቷ ቀልቶ።

"እኔን በውጭ ነው የነካኝ። ሆድ የገባው አይብስም?" ጠላዋን አነሣች። "ከቧንቧ ውሃ ካየን ፋሲካ አለፈ። እስቲ ይሄን ጠላ በምን የጠመቅኩት ይመስላችኋል? በምራቄ?"

እጆች ሁሉ ባሉበት ቀሩ። ያጋመሰችው ብርጭቆዋን አየች፣ የጨረሰችው ሆዷን ያዘች። የጠላው ውሃ ከአዘዞ በቦቴ መኪና የመጣ ነው፤ ጥግ ላይ ማሰሮ ይዛ የቆመችው ሶሊያና ሲራገፍ ጄሪካን ይዛለች። አፏን ልትከፍት ስትል አያቷ በዓይኗ መልሳ ዘጋችው። ማናዬ እኮ ከገንዳው ነው አላለችም። ከየት እንደሆነም አልተናገረችም። እነሱ ናቸው ያሰቡት።

አባ ወልደኢየሱስ ሦስተኛውን ብርጭቆ ጨርሰው ነበር። አሳላቸው።

"ውሃ የእግዚአብሔር ነው" አሉ ቶሎ ብለው። "የወደቀም ሰው ወደቀ ነው የሚባል። ይሄ ሕግ ከመጀመሪያውም አላማረኝም፤ ዛሬ ይነሣ።"

"እና የእኔ ልጅም?" አለች ዘነበወርቅ። "ልዕልትም ትማር?"

"የአንቺም።"

ማናዬ የፈለገችው ግማሹን፣ የራሷን ብቻ ነበር፤ ግን ቦታዋን ይዛለች፣ ተከራክራ አላበላሸችውም። ሶሊያናም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዷን ቀጠለች፤ ማናዬም ቀዳዳው ላይ መቆሟን።

ማኅበሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አሁን ማንም ቤት ቢጠጣ፣ ከጸሎቱ በኋላ እጅ ወደ ብርጭቆ አይሄድም። ባለቤቷ "የቦቴ ነው"፣ "የዝናብ ነው" ብላ ብትምል የሚያምናት የለም፤ እያንዳንዷ ጎረቤቷን ነው የምታይ። በመጨረሻ ገንዳውን ቀምሳዋለችና ውሃ ለይታ የምታውቅ እሷ ናት ተብሎ ማናዬ ቀድማ እንድትቀምስ ተስማሙ። ማናዬ ውሃ ከውሃ አትለይም። ይህንንም ለማንም አልነገረችም።

በአንዱ ወር ተራው የዘነበወርቅ ሆነ። ዘነበወርቅ ራሷ ቀድታ፣ በሁለት እጇ አቀረበችላት። ማናዬ ጎንጨት አለች። ዓይኗን ጨፈነች። ጠላውን ከጉንጭ ጉንጭ አዘዋወረችው። ዘነበወርቅ የመቀነቷን ጫፍ ታፍተለትላለች።

ማናዬ ለመዋጥ አልቸኮለችም።